ከስፖኪዮው ላይ የጠፋው ጃኬት

የጋራዡ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ግን ከአትክልት ተራ ከፍ ብሎ ባለው በዚያ ግቢ የማያውቀው ሠራተኛ የለም። ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ጃኬቱን ስፖኪዮው ላይ ይሰቅላል። ጃኬት የተሰቀለበትን መኪና ደግሞ ማንም አያስነሳም፤ አለቀ።

የፈቲያ ባል እንድሪስ በዚህ ሕግ ነው መካኒክ ሆኖ ያረጀው። ያን ሐሙስ ግን የመንገድ መብራት ከሚጠገንበት ክሬን ሥር ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ፣ ሹፌሩ ዘገዬ ከምሳ ተመልሶ ሞተሩን አስነሳና ነዳው። እንድሪስ ሆስፒታል እንኳን አልደረሰም።

«ጃኬት አልነበረም» አለ ዘገዬ ለፖሊስ።

ፈቲያ አላመነችውም። ዘገዬና እንድሪስ በዕረፍት ተራ ተጣልተው ከተኮራረፉ ሰንብተዋል። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያሻል!

ልጇ ሲሀም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። የአባቷን የመጨረሻ ምሳ ጋራዡ ድረስ ያደረሰችው እሷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልዞረም። «የአባት ነገር፣ ምን ታድርግ!» እያሉ ለቀስተኞቹ ከንፈር ይመጣሉ።

በሦስተኛው ቀን፣ ዘገዬ ችሎት ሊቀርብ ሲል፣ ሚስቱ የሺዓለም አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ፣ የጋራዡን ሽማግሌ ጋሽ ተስፋልደትን አስከትላ መጣች።

«ፈቲያ ልጄ፣ ይቅር ካልሽው ቅጣቱ ይቀልለታል» አሉ ጋሽ ተስፋልደት።

«ጃኬት አላየሁም ብሎ በታቦት ምሎልኛል» አለች የሺዓለም ከድንጋዩ ሥር።

«ታዲያ ክንፍ አውጥቶ በረረ?» ፈቲያ ብድግ አለች። «እንድሪስ ጃኬቱን ሳይሰቅል ከመኪና ሥር ገብቶ ያውቃል? እርስዎ ይንገሩኝ እስቲ፣ ጋሼ!»

ጋሽ ተስፋልደት አቀረቀሩ። «ኧረ በጭራሽ» አሉ።

ፈቲያ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች። «ያን ጃኬት ከዚያ ያነሳ ሰው፣ የእንድሪስ ደም በእጁ ነው! አላህ ይፍረድበት! በምድርም በሰማይም ምሕረት አያግኝ! እኔስ እስክሞት አልምረውም!»

«አሚን!» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ።

የሺዓለምን ድንጋዩን አውርጂ ያላት አልነበረም። እንደተሸከመች ወጣች።

ለቀስተኞቹ ሄደው ቤቱ ጭር ሲል ሲሀም ከግድግዳው ዞረች።

«እማዬ... ለጁምዓ ላጥብለት ብዬ ነው የወሰድኩት።»