ውዳሴ ማርያሜ ውስጥ የተገኘው ፔርሜሶ

"ለሌባ አልመሰክርም! በቃ!"

እንዲህ ብዬ ጮህኩባት... እጄ ገና ሳሙና ነበር።

ወይዘሪት እታገኘሁ ግን ንቅንቅ አላለችም። ስደተኞችን ለሚረዳ ጠበቃ የምታስተረጉም ልጅ ናት።

"ወንድም ጎበና፣ የጀምሺድ ይግባኝ ነገ ይታያል። ካልመሰከርክለት ወደ ኢራን ይጭኑታል። ከኢራቅ ጋር ከሚደረገው ጦርነት የከዳ ሰው እዚያ ሲደርስ ምን እንደሚያደርጉት ይጠፋሃል?"

አይጠፋኝም። ዘመኑ በኛ አቆጣጠር 1975 ነው... የኛም አገር በደርግ እጅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ሮም፣ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባል ጎዳና አካባቢ አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ጀምሺድ ደግሞ ክፍል የምንጋራ ኢራናዊ ነው። እኔ ወረቀት አለኝ... እሱ የለውም።

ስቅለት ደረሰ። አሠሪዬን ፈቃድ ጠየቅኩት።

"ስቅለት ካለፈ ወር ሆኖታል! ታሾፍብኛለህ?" አለኝ።

የነሱ አልፎ የኛ ገና ነበር...

ጀምሺድ ይህን ሲሰማ ሳቀ። "ሂድ ስገድ። የዛሬን እኔ አጥብልሃለሁ።"

አሠሪዬም ሳህኑ ይታጠብለት እንጂ ግድ የለውም። ሽርጤን አውልቄ ለጀምሺድ ሰጠሁትና ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሮጥኩ ሄድኩ።

ማታ ሰግጄ ወደ ምግብ ቤቱ ስመለስ... ፖሊስ ለፍተሻ ገብቶ ጀምሺድን ያለ ወረቀት ሲሠራ ይዞታል።

ሽርጡ ወለል ላይ ወድቋል። ኪሱ ውስጥ የረሳሁት ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ... የለም!

ከመያዙ በፊት ሸጦብኛል አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሙን አልጠራሁም። እስር ቤት ሄጄም አልጠየቅኩት።

"ሌባ ነው!" አልኳት ደግሜ።

እታገኘሁ ማስታወሻዋን አወጣች። "አንድ መልእክት ልኮልሃል። 'ፖሊሶቹ ሲገቡ የጎበና ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔ ላይ ካገኙት ወረቀቱን አከራየ ብለው እሱንም ይይዙታል። በየቀኑ የሚጸልይበት መጽሐፍ ውስጥ ከትቼለታለሁ። እጄን ታጥቤ ነው የነካሁት በዪው' ብሏል።"

ማስታወሻዋን አጥፋ... "በየቀኑ ስለሚገልጠው በማግስቱ አግኝቶታል ነው የሚለው። አላገኘኸውም እንዴ?"

ቀና አልኩ። ከሳህን መደርደሪያው በላይ ውዳሴ ማርያሜ ዱቄት አርፎባት ተቀምጣለች።

በጀምሺድ ከተናደድኩበት ቀን ጀምሮ አልገለጥኳትም...

አወረድኳት። ክር ያደረግኩበት ገጽ ላይ... ፔርሜሶዬ!

እዚያው ሳህኑ መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

አሠሪዬ "ፍርድ ቤት ከሄድክ እንዳትመለስ!" አለኝ።

ሄድኩ።

"ሥራው የኔ ነው" አልኩ ዳኛው ፊት። "እሱ በሕይወቱ እዚያ የሠራው ያችን አንድ ቀን ነው። የጌታዬ ስቅለት ስለነበር ለኔ ብሎ ነው።"

"ስቅለት?" አሉ ዳኛው። "በግንቦት?"

እታገኘሁ የኛን አቆጣጠር አስረዳች። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። "ማለት... ሙስሊሙ ሳህን ያጠበው ክርስቲያኑ እንዲሰግድ ነው?"

"አዎ ጌታዬ።"

ጠበቃው ስለ ጦርነቱ ተናገረ። ወጥተን ጠበቅን... ተመልሰን ገባን...

ከአገር የማባረሩ ትእዛዝ ተሰረዘ!

ጀምሺድ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። "ሌባ ብዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት።

"ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ" አለኝ፤ ግድ የለም ማለቱ ነው። "አሎራ፣ እሺ እንግዲህ... ፖሊስ ሲይዘኝ ሳላጥበው የቀረውን ያረረ ድስት ማን አጠበው?"

ሥራዬ ቀረ። በሁለት ሳምንት እግዚአብሔር ሌላ ሰጠኝ። ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ የተነፈስኩትን አየር ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

አሁን ሁለታችንም ሸብተናል። በየዓመቱ በኛ ስቅለት ይደውልልኛል።

"ጎበና፣ ዛሬ ማን ተክቶሃል?"

ወገኖቼ... ያ ሰው እኔ ከማምነው በላይ ጸሎቴን አምኖ ነበር። ቂሜ ግን መጽሐፌን ዘጋብኝ፤ የምፈልገው ነገር እዚያው ውስጥ ሳለ። ሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት የዘጋነውን እንግለጥ።

እናንተስ... ማንን ተቀይማችሁ ነው መጽሐፋችሁን የዘጋችሁት? ስሙ ይቅር፣ የመጀመሪያ ፊደሉን ብቻ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።