የድፍኑ ቀርከሃ ከሰል

ዳመነች ለእትዬ ሙሉነሽ ከሰል ስታመላልስ ዓመታት አለፉ። «ያንቺ ዘር ቤቴ አይገባም» እያሉ ከአጥር ውጭ ሲያስገለብጧት ኖረዋል።

ዛሬም በዝናብ ከአጥሩ ውጭ ሆና ብትጣራ ከተዘጋው ቤት ማቃሰት ሰማች። ወዲያው ያመጣችው ከሰል ትዝ አላት። ውስጡ ባዶ የሆነው የደጋ ቀርከሃ ከሰል ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ «አይበረክትም» ስላሏት ትናንት ውስጡ ድፍን የሆነውን የቆላ ቀርከሃ ከሰል ነበር ያመጣችላቸው። እሱ ደግሞ ነበልባል ሳያሳይ ውሎ ያድራል፤ በተዘጋ ቤት ሰው አፍኖ ይገድላል።

አጥሩን አልፋ የቤቱን በር በትከሻዋ ገፍታ ገባች። እትዬ ከምድጃው አጠገብ ተዘርረዋል። ብብታቸውን ይዛ ጎትታ ዝናቡ ላይ አወጣቻቸው። ትንሽ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡ።

«ማን አስገባሽ?» አሏት።

ዳመነች ተመልሳ ገባች፤ ምድጃውን ወደ ውጭ አወጣች፣ መስኮቱን ከፈተች፣ የእትዬን ወንበር ስባ እዚያው ቤት ውስጥ ቁጭ አለች።

«ሲሻልዎት ይግቡ፣ እትዬ» አለቻቸው።