ከአንድ ትሪ

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚበላ የሚመዘግበው የቆጠራ ዓይን አረንጓዴ ያበራል። ደብሪቱ በጎን እያየችው ለጎረቤቷ ለጋሽ ሽብሩ ምሳቸውን በሌላ ሳህን አቀረበች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከአንድ ትሪ የበሉ ሰዎች ናቸው።

«ምን አጠፋሁ?» አሉ ሽማግሌው።

«ምንም። ቆጠራው እስኪያልቅ፣ እስከ ዓርብ ብቻ ነው ጋሼ። ሕጉን ያውቁት የለ?»

ማን አያውቀውም! የሰፈሩ የዘንድሮ ኑሮ ከድሮው ጋር እንዲነጻጸር ተብሎ መለኪያው ስልሳ ዓመት አልተነካም፤ ከአንድ ማዕድ የበላ ሁሉ አንድ ቤተሰብ ነው። የእሷ ደመወዝና የእሳቸው ጡረታ ከተደመረ ሁለት ድሃ ቤት ቀርቶ አንድ ደህና ቤት ይሆናል፤ በድህነት መስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ሰፈርም ከድሃ ተራ ይወጣል። ያን ጊዜ በነጻ የሚመጣው የስኳር በሽታ መርፌ ይቀራል። በሰፈሩ የሚወጉት ደግሞ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጋሽ ሽብሩ ሳህኑን ገፋ አድርገው ወደ ትሪዋ ተጠጉ። እንጀራውን በሽሮ ጠቅልለው ወደ አፏ ዘረጉ።

«በማርያም ይተዉ ጋሼ!» አፏን ገጠመች።

«ሰው ብቻውን በልቶ ምኑን ዳነ?» ሽሮው በጣታቸው መሃል ይንጠባጠባል። «የሽማግሌ እጅ ትመልሻለሽ?»

ደብሪቱ እንባዋ መጣ። አፏን ከፍታ ጎረሰች።

የግድግዳው ዓይን ቀላ። ከውስጡ የሴት ድምፅ፣ «አንድ ቤተሰብ» አለ።

ጋሽ ሽብሩ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ሁለተኛውን እየጠቀለሉ ነበር።

«ድገሚ እንጂ» አሏት፤ «አንድ ያጣላል።»