ከቀለሙ ሥር

"ይሄኛው!" ትላለች ልጄ፣ አረንጓዴውን ብስክሌት በአንድ እጇ ብድግ አድርጋ። "ቅልል ያለ ነው። ዋጋውም የኔ አቅም ነው። አባዬ፣ አገኘሁ በቃ!"

እኔ የማየው መሪው ከብረቱ የሚጋጠምበትን ነው። በአዲሱ ቀለም ሥር ትንሽ ጉብታ አለች። ሳልነካት አውቄያታለሁ፤ ከአራት ወር በፊት የበየድኳት እኔ ነኝ።

ባለሱቁም ያየኛል። ምላሱ እንደ ማሽን ቅባት ስለሚያዳልጥ ሰፈሩ "ግራሶ" ነው የሚለው። እሱ ጋ የተሰበረ ሁሉ እኔ ጋ ይበየዳል፤ የሥራዬ ግማሹ ከእሱ ነው። ያን ቀን "ይሄን ቁልቁለት እንዳታስነካው" ብዬው ነበር። "ጋሼ ሙት፣ ገበያ ደርሶ መመለሻ ነው" አለኝ።

ልጄ ግን ገበያ አይደለም የምትሄደው። አሥራ ሁለት ቀን፣ ብቻዋን፣ ተራራውን አቋርጣ እስከ ባሕሩ። ሁለት ወር ሙሉ "እኔ በቁሜ አትሄጂም" ስላት ከርሜያለሁ። ዛሬም የመጣሁት እናቷ ገፍታኝ ነው።

"እሱን ተዪው" እላታለሁ። "ተበይዷል። ቁልቁለት ላይ ይከዳሻል።"

ፊቷ ይጠቁራል። "አውቄዋለሁ! ሌላው ከአቅሜ በላይ መሆኑን አይተህ፣ ውሃ ቀጠነ ብለህ ልታስቀረኝ ነው።"

"አባት ሲባል ሆደ ቡቡ ነው" ይላል ግራሶ ከአንገት በላይ እየሳቀ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ይላል። "ጋሼ፣ ጉሮሮዬ ላይ አትቁም። ያንተም ጉሮሮ ነው።"

ዝም ብል ሁለቱም ደስ ይላቸዋል።

ከኪሴ ሞረድ አወጣለሁ። ግራሶ "ተው! ዕቃዬን!" እያለ እጄን ይይዛል። አስለቅቄ ቀለሙን እፍቃለሁ። አረንጓዴ ዱቄት ይረግፍና ብየዳዬ ብቅ ይላል። ከዳሩ ደግሞ እኔም ያልጠበቅኩት፣ ፀጉር የሚያህል አዲስ ስንጥቅ።

"ብየዳው የኔ እጅ ነው" እላታለሁ።

በጥፍሯ ትነካዋለች። የጥፍሯ ጫፍ ስንጥቁ ላይ ይያዛል።

"ሁለተኛ እግርህ እዚህ አይድረስ!" ይጮኻል ግራሶ።

ልጄ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ በሩ ትዞራለች። ሌላ የምትገዛው የለም፤ መሄዱ ቀረ። ሁለት ወር የለመንኩት ይኸው ሆነልኝ። ትከሻዋ ወርዶ ሳይ ግን ሱቁን በዓይኔ አስሳለሁ።

ጥጉ ላይ፣ ከአሮጌ ጎማዎች ሥር፣ ኮርቻ የሌለው ጥቁር ብስክሌት ተጋድሟል። ጎትቼ አወጣዋለሁ። መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ እዳብሳለሁ፤ በሞረዱ መታ መታ አደርገዋለሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

"ያ ለቁርጥራጭ ብረት የያዝኩት ነው" ይላል ግራሶ እንዳኮረፈ።

"በቁርጥራጭ ዋጋ ስጠኛ።"

ልጄ ከበሩ ላይ ትመለከታለች። "ከባድ ነው" ትላለች ቀስ ብላ።

"ከባድ ነው። ዳገት ላይ ትረግሚኛለሽ።" ጎንበስ ብዬ ዕቃ መጫኛ የሚበየድበትን እፈልጋለሁ። "ውሃውን የት ልታደርጊው ነው? ከፊት ነው ከኋላ?"

 ቀና ስል አጠገቤ ተንበርክካለች፤ ከኋላው ጎማ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ በስንዝሯ ትለካለች።