ደጉ ሕመም

ዶክተር ቸርነት የላብራቶሪውን ወረቀት አጥፎ ጋውኑ ኪስ ከተተው። ባዳቾ ሊቀበለው የዘረጋው እጅ ኮሪደሩ መሀል እንደተዘረጋ ቀረ።

«ጋሽ ባዳቾ፣ የሶፊን መርፌ ከዛሬ ጀምሮ እናቆማለን።»

«አሥራ ሦስት ቀን ወስዳ? አንድ ሲቀራት?»

«መርፌው መቅኒን የሚቀሰቅሰው የሚቀሰቀስ ነገር ሲያገኝ ነው። የእሷ ባዶ ሆኗል። ነጭ የደም ሴሏ ከመጣችበት ቀን እንኳ ወርዷል። አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞችም ያሉን ይህንኑ ነው።»

«እንዴ፣ ያማታል እኮ! አጥንቷን ካመማት መቅኒው መሥራት ጀምሯል ማለት ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም? በየማለዳው ነው የሚያማት!»

«ወደ ቤሌ ይውሰዷት» አለ ሐኪሙ። «እቤቷ ትሁን።»

ባዳቾ ቤሌ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሯል። ደም የሚመረተው አጥንት ውስጥ ነው እያለ ሰሌዳ ላይ በቀይ ጠመኔ ሲስል ኖሯል። አሁን ወደ ልጁ ክፍል ሄደ።

በሩ ሲከፈት ሶፊ ፈገግ አለች። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ድዷ ስለሚደማ ከንፈሯን ገጥማ ነው የምትስቀው፤ ክንዷ መርፌ የነካው ቦታ ሁሉ በልዟል።

«አባ፣ ዛሬም ፈለጠኝ» አለችው። «ወገቤን፣ ጭኔን፣ ሁሉንም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሶፊ ፊቱን አየችው።

«አቆሙት?»

ራሱን ነቀነቀ።

«ውሸቴን ነበር» አለች ቀስ ብላ። «መጀመሪያ ሦስት ቀን እውነት አሞኝ ነበር። ከዚያ ጠፋ። ሲያመኝ ደስ ሲልህ አየሁና...»

ደስ ብሎት ነበር። በየማለዳው ደረጃውን እየሮጠ ይወርድና ግቢው ውስጥ ለምትጠብቀው ለሚስቱ ለፋንታዬ «አሟታል! ተመስገን!» ይላት ነበር። ሁለቱም እዚያው ቆመው፣ ልጃቸውን ስላመማት ያመሰግኑ ነበር። አሁን ያ ምስጋና እንደ ሬት መረረው።

«እንግዲያው እማዬ ትግባ» አለች ሶፊ። «ከእንግዲህ ምን ይከለክላታል?»

ከቤሌ ወደ ሶዶ ሆስፒታል ከመጡ ጀምሮ በሽታ እንዳይጋባባት ከአንድ ሰው በላይ አይገባም ተብሎ፣ ፋንታዬ ልጇን ከነካች ሃያ ቀን አልፏታል። ባዳቾ ወርዶ ፊቷ ቆመ።

«ነይ፣ ትጠራሻለች።»

«ፈቀዱልኝ?» ነጠላዋን እየሰበሰበች ብድግ አለች። «ጌታ ይመስገን! ተሽሏታል ማለት ነው!»

ደረጃውን ቀድማው ወጣች። በሩ አጠገብ ወዳለው ቧንቧ ዞረች፤ ማንም ሰው ሳይታጠብ አይገባምና ቧንቧውን ከፍታ ሳሙናውን አነሳች። ባዳቾ ክንዷን ያዛት።

«ተይው፣ ፋንታዬ» አላት። «አትታጠቢ።»

ዘወር ብላ አየችው። ፈገግታዋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። ሳሙናው እጇ ላይ እንደደረቀ፣ ውሃው ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።