ማክሰኞ በአራት ሰዓት

ቨርሊን የማኅፀን በር ካንሰር ስለያዛት፣ ሜምፊስ ያሉ ሐኪሞች ለእሷ የሚስማማውን መድኃኒት ሊፈልጉላት ከዕጢው ቆንጥረው ወደ ቤተ ሙከራ ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ልክ በአራት ሰዓት፣ ጸሎት ላይ እያለች ምላሷን ይመርራታል።

“አይ እማዬ፣ የራስሽ ጎመን ነው የመረረሽ!” ብላ ልጇ ዳርሊታ ሳቀችባት።

ቨርሊን ግን ነገሩ አልጣማትም። ማክሰኞን ጠብቃ ቤተ ሙከራው ደወለች፤ አንዲት ልጅ አነሳች።

“ልጄ፣ ቨርሊን ነኝ፤ መድኃኒቱን ሥጋዬ ላይ የምትሞክሩት መቼ መቼ ነው?”

“ማክሰኞ ማክሰኞ፣ በአራት ሰዓት። ምነው እትዬ?”

“ዛሬስ?”

“ዛሬማ ኃይለኛውን ነው፤ ጨርሶ የሚገድለውን።”

ቨርሊን ሰዓቷን አየች፤ ልክ አራት ሰዓት ሆኗል። “በኢየሱስ ስም፣ ተዉት!”

“እንዴ፣ አሁን እኮ ጨመርነው።”

ቨርሊን ልትመልስላት አፏን ከፈተች።

“እትዬ?” አለች ልጅቷ። “እትዬ ቨርሊን፣ አሉ?”