ፊት የማያሳይ ኳስ

«እትዬ ወሰንየለሽ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ይሄን ነገር ያስለቅቁልኝ!»

ዱባለ ከካፖርቱ ሥር ጥቁር ነገር አወጣና የእንዶድ ጆንያዬ ላይ ዱብ አደረገው። ጆንያው ጎደጎደ። ክብ ነው፤ ጥቅል ጎመን ያክላል፣ ግን እንደ ወፍጮ መጅ ይከብዳል። ሦስት ቀዳዳ አለው። ማብረቅረቁ ደግሞ ለጉድ ነው፤ እኔ ከነሻሼ፣ ከበላዬ ያለው ቆርቆሮ ሳይቀር ታየንበት።

«ምንድነው?»

«የቦውሊንግ ኳስ ነው። እኛ ጋ የሚጫወቱ የአንድ ኮሎኔል የግላቸው። ሳንቃ ላይ አንከባለው እንጨት ይጥሉበታል።»

ዱባለን ዘጠኝ ዓመት አውቀዋለሁ። እዚሁ በረንዳችን ጫፍ ላይ ሊስትሮ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃ ሲጠርግ ጉልበቱ ድረስ ይበሰብሳል። ዘንድሮ ከፋሲካ ማግስት ነው ቦውሊንግ ቤት ኳስ ወልዋይ ሆኖ የገባው። ጣሪያ ያለው ሥራ አገኘሁ ብሎ ሣጥኑን ከነብሩሹ ለሰው ሰጠ።

«ያምራል እኮ፤ ምኑን ነው የማስለቅቅልህ?»

«ማማሩ ነው ጉዱ። በጥቁር የጫማ ቀለም ወለወልኩት። ቀዳዳው ውስጥ ሳይቀር፣ ፊት እስኪያሳይ። ትናንት ኮሎኔሉ ሲያነሱት ሸርተት ብሎ አመለጣቸውና የእግራቸውን ጣት ለጥቂት ሳተ። ነገ የጃንሆይ ልደት ነው፤ ለዚያ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግጥሚያ አላቸው። ኃላፊው ‹ኳሱን እንደነበረ ካላመጣኸው አንተም አትምጣ› ብሎኛል።»

አጠገቤ ላምባ የምትቸረችረው ሐጀራ ሳቋን ለቀቀችው። «ውይ ዱባለ! ጫማ መሰለህ እንዴ? ክርስ አላሰርክለትም?»

«ሳቂ አንቺ፣ ምን አለብሽ!»

«ና በል፣ በላምባ ልጥረግልህ። ላምባ የማይፈታው ቀለም የለም።»

ጠርሙሷን ስትከፍት እጇን ያዝኩ። «እንዳታስነኪው! ላምባ ራሱ ቅባት አይደለም እንዴ? አንዱን አንሸራታች አውጥተሽ ሌላ ልታስገቢበት ነው?»

«ቤንዚንስ?» አለ ዱባለ።

«ቤንዚንማ ዕቃውን ራሱን ይበላዋል። የራዲዮኔን ገላ ጠርጌበት ይኸው እስከ ዛሬ ለምጽ ይዞት አለ። በእንዶድ ነው የሚታጠብ።»

«ወሰኔ ደግሞ!» አለች ሐጀራ። «ነጠላ መሰለሽ?»

«ያስለቅቃል አልኩ ያስለቅቃል!»

ደረቅ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝም። እውነቱን ለመናገር ግን እንዶድን በጫማ ቀለም ላይ ሞክሬው አላውቅም። ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለሻ አጣሁለት እንጂ።

የተወቀጠውን እንዶድ በለብ ያለ ውሃ አረፋ እስኪደፍቅ መታሁት። የፈላ ውሃ አላደረግኩም፤ ይሰነጥቀዋል ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ ጥፍር የምታህል ቦታ ላይ ነካ አድርጌ ጠበቅኩ። ገላው አልተላጠም። ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ማሸት ጀመርኩ። አረፋው እንደ ጥላሸት ጠቆረ። ደፋሁት፤ በአዲስ ደገምኩ። ኳሱ አሁንም እንደ ዓሣ ከእጄ ይሟልጫል።

«አላልኩሽም?» አለች ሐጀራ።

ለሦስተኛ ጊዜ ደገምኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ዱባለ በሰዓት ፋንታ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ለቀዳዳዎቹ ቀጭን እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጨምቄ፣ ውስጥ ውስጡን ጠረግኩ፤ ውሃ እንዳይተኛበት። በአራተኛው አረፋው ነጭ ሆኖ ቀረ። በደረቅ ጨርቅ አድርቄ አውራ ጣቴን ሳስኬድበት ሲጥ አለ።

ኳሱ ግን ደብዝዟል። ቆርቆሮውም እኔም ከላዩ ጠፍተናል።

«እትዬ፣ ገደሉት!» ዱባለ ከኪሱ የድሮ መወልወያ ጨርቁን መዘዘ፤ ያቺን ከሣጥኑ ጋር አልሰጣትም ነበር። «ይሄን የሞተ ነገር ይዤ በምን ፊቴ እገባለሁ? ትንሽ ላብራው፣ ትንሽ ብቻ...»

እጁ ቀድሞት ኳሱ ላይ መሮጥ ጀምሯል። ጨርቋን ነጥቄ ጆንያዬ ላይ ጣልኳት።

«ጣትህን ቀዳዳው ውስጥ ክተት።»

«እ?»

«ክተትና አንጠልጥለው። በአንድ እጅህ።»

ከተተና አነሳው። እኔ ጫማዬን አወለቅኩና ባዶ እግሬን ከኳሱ ሥር አስቀመጥኩ።

«እትዬ! እግርዎን ያንሱ!»

«አላነሳም።»

«ሴትዮ አብደሻል?» ሐጀራ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «በመንገድ ዳር ሽባ ልትሆኚ ነው?»

«ሰባት ኪሎ ነው እኮ፣ እትዬ! ቢያመልጠኝስ?»

«ለኔ እግር ከፈራህ ለኮሎኔሉማ እንዴት ትሰጣቸዋለህ? ያዝ።»

ያዘ። ተሸካሚዎች በጎናችን «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ አለፉ፤ አንዱ የዱባለን ትከሻ ገጨ። ጣቶቼን ሰበሰብኩ፤ አልዋሽም፣ ዓይኔንም ጨፍኛለሁ። ስገልጥ ኳሱ እዚያው ነው። ክንዱ ይወዛወዛል እንጂ ኳሱ ከጣቶቹ ንቅንቅ አላለም።

ሐጀራ የላምባ ጠርሙሷን ክዳን መልሳ ገጠመች።

ዱባለ ኳሱን በሁለት እጁ አቀፈና፣ አንድ ጫማ በጨረሰ ቁጥር እንደሚያደርገው፣ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ፈለገበት። ወዲያ አዘነበለው፣ ወዲህ አዘነበለው። የለም። የመዳፉ ላብ ብቻ ታትሞበታል፤ እሱም እያየነው ደረቀ።

ካፖርቱ ሥር ሸጎጠው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ተሰናበተኝና በዝናቡ ውስጥ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሮጠ።

ጫማዬን አጥልቄ ወደ ዕቃዬ ዞርኩ። ኳሱ ያጎደጎደው ጆንያ ገና አልሞላም። ጉድጓዱ ውስጥ ያቺ ጥቁር ጨርቅ ተኝታለች፤ ሳይወስዳት ሄዷል።